ከስንደዶው ጫፍ የቀረችው ፊደል

የኔታ ዘንድ ፊደል የምንቆጥረው በስንደዶ ነበር። እናቴ ለእንቅብ ስፌት ካስቀመጠችው እስር ሁለት ትመዝና አንዱን ለታላቅ ወንድሜ፣ አንዱን ለእኔ ትሰጠናለች። መንገድ ላይ ከተሰበረ ያን ቀን በጣት መቁጠር ግድ ነው፤ ጣት ደግሞ ገበታ ያቆሽሻልና ኩርኩም አይቀርም። ዘመኑ 1961 ዓ.ም.፣ ቦታው ከአንኮበር ከተማ ወረድ ብሎ ያለ የደብር ግቢ፣ ከአንዲት ወይራ ሥር። ሃያ ያህል ልጆች ነበርን፤ ሴቶች እኔና የዲያቆኑ እኅት ብቻ። አባቴ እኔን የላከኝ ለትምህርቱ ጓጉቶልኝ እንዳይመስላችሁ። ወንድሜ ወንዙን ብቻውን መሻገር ስለሚፈራ ነው።

ወንድሜ ድምፀ መረዋ ነበር። «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ፣ ሃ ራብዕ» እያለ ሲያወርደው መንገደኛ ቆሞ ይሰማዋል። ችግሩ አፉ ቀ ላይ ሲደርስ ስንደዶው ገና መ ላይ መሆኑ ነው። የኔታ ዓይናቸው ደክሟል፤ ከገበታው ይልቅ የልጁን እጅ ነበር የሚያዩት። ድንገት ብድግ ብለው ይመጡና ሁለት መዳፋቸውን ገበታው ላይ አሳርፈው፣ በጣቶቻቸው መካከል አንዲት ፊደል ብቻ ትተው «ይቺ ማን ናት?» ይሉታል። ወንድሜ ዝም ይላል። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። ከሀ ተነሥቶ፣ በልቡ እያዜመ፣ ቤት እየቆጠረ ወደ እርሷ እየመጣ ነው።

«ከሀ ተነሥተህ አትምጣብኝ!» ይላሉ የኔታ። «የእርሷን በር አንኳኳ እንጂ ሰፈሩን ሁሉ ለምን ትቀሰቅሳለህ?»

እኛ እንስቃለን። ወንድሜ ያለቅሳል። የኔታ ያኔ ስለ ምን ይቆጡ እንደ ነበር የገባኝ ግን ራሴ የሕፃናት መምህርት ሆኜ፣ ስድሳ ልጅ ፊት ቆሜ ነው።

ያ እንደ ዘፈን የምናወርደው ተራ ዕድሜው ከምንገምተው በላይ ረጅም ነው። በሶርያ ኡጋሪት፣ በፍልስጥኤም ምድርም ቤትሳሚስ ላይ ከመሬት የወጡ ጽላቶች አሉ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ13ኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ የሚቆጠሩ የሸክላ ቁራጮች ናቸው። ምልክቶቹ የእኛ አይደሉም፤ በእርጥብ ጭቃ ላይ በሹል ነገር የተወጉ ናቸው። አጀማመራቸው ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው። ይህን ባነበብኩ ዕለት መጀመሪያ የታየኝ ወንድሜ ነበር። እዚያም የሆነ ልጅ፣ እጁ ጭቃ ሆኖ፣ አፉ ከእጁ ቀድሞበት ይሆናል።

በጥንቱ የግዕዝ ጽሕፈት ሁ፣ ሂ፣ ሃ የሚባል ነገር አልነበረም። ተናባቢው ብቻ ይጻፋል፤ አናባቢውን አንባቢው ከራሱ ያመጣል። በ4ኛው ምዕተ ዓመት፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ከተቀረጹት የግዕዝ ጽሑፎች መካከል አናባቢ የሌለውም ያለውም ይገኛል፤ ለውጡ የተደረገው በዚያ ዘመን ነው። ለ ከጎኗ እጅ ስታበቅል ሉ፣ ከግርጌዋ እግር ስትዘረጋ ሊ፣ ከእግሯ ጫፍ ቀለበት ስታጠልቅ ሌ ሆነች። የግዕዙ 26 ፊደል በ7 ተባዝቶ 182 ሆነ። አማርኛ ደግሞ ሸን፣ ቸን፣ ኘን፣ ኸን፣ ዠን፣ ጀንና ጨን ጨምሮ 33 ቤት፣ 231 ፊደል አደረሰው። ዲቃላዎቹን አልቆጠርኩም።

231 ሲባል ያስፈራል። አንድ የውጭ ሰው ይህን ቁጥር ሰምቶ ለልጆቻችን ሲያዝን አይቻለሁ። እውነቱ ግን እጁን፣ እግሩንና ቀለበቱን የለየ ልጅ ከገበታው ብዙውን በነፃ ያገኘዋል። ሩ እና ፉ ያምፃሉ፤ እጃቸውን ከጎን ሳይሆን ከታች አውጥተዋል። ሳድሱም ሕግ አያውቅም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱን መልክ ይዟል። የአማርኛ ጭማሪዎቹ ግን ለልጅ ደስታ ናቸው። ሰ ቆብ ስትደፋ ሸ፣ ተ ስትደፋ ቸ፣ ነ ስትደፋ ኘ፣ ደ ስትደፋ ጀ። ጨ ብቻ ጌጧን ከእግሯ ነው ያደረገችው። «ጨ ለምን ቆብ የላትም?» ያለኝ ልጅ ዛሬ ሐኪም ነው፤ መልሱን እስካሁን አልሰጠሁትም።

አሁን ወደ የኔታ ልመለስ። ሀሁን የጨረሰ ልጅ «ፊደል ቆጠረ» ይባላል እንጂ «አነበበ» አይባልም። ቃሉ ራሱ ጠንቃቃ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አቡጊዳ ነው፤ እኔ የምለው ነገር ሁሉ ያለውም እዚሁ ላይ ነው። አቡጊዳ ያንኑ ፊደል በሌላ ተራ፣ በአ፣ በ፣ ገ፣ ደ ይደረድረዋል፤ እንደ ዕብራይስጡና እንደ ግሪኩ ማለት ነው። ይህ ብቻ አይበቃውም፤ ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። የመጀመሪያው መስመር አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ ነው። ሁለተኛው በ፣ ጉ፣ ዲ፣ ሃ፣ ዌ፣ ዝ፣ ሖ። ሦስተኛው ገ፣ ዱ፣ ሂ፣ ዋ፣ ዜ፣ ሕ፣ ጦ።

ልዩነቱን ልብ በሉ። በሀሁ መስመር ቤቱ አንድ ነው፤ የሚቀያየረው አናባቢው ብቻ ስለሆነ አፍ ከለመደው አይሳሳትም። በአቡጊዳ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ቤቱም አናባቢውም በአንድ ጊዜ ይለወጣል። ሉ ስትል ቀጥላ ሊ እንደምትመጣ ታውቃለህ፤ ቡ ስትል ጊ እንደምትመጣ የሚነግርህ ነገር የለም። ማየት አለብህ። አቡጊዳ በዜማ የሸመደደውን ልጅ የሚያጋልጥ ወንፊት ነው። የኔታ በመዳፋቸው የሚያደርጉትን እርሱ በወረቀት ላይ ያደርገዋል።

ልጅ ግን ልጅ ነው። ወንድሜ አቡጊዳንም በሦስት ሳምንት ዘፈን አደረገው። ያኔ የኔታ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አስቆጠሩት። ያንን ዜማ ማድረግ አልቻለም፤ በዚያ ክረምት ፊደል ለየ።

ከአቡጊዳ በኋላ መልእክተ ዮሐንስ ይመጣል፤ የሐዋርያው የመጀመሪያ መልእክት። እዚህም ዘለው ወደ ንባብ አይገቡም። መጀመሪያ ቁጥር ነው። ቃሉ ሳይያያዝ ፊደል በፊደል፣ እያንዳንዱ በሙሉ ድምፁ ይጠራል። ከዚያ ግዕዝ የሚሉት ቀስ ያለ ንባብ፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻ ቁም ንባብ። ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉት የንባብ ስልቶችም በዚህ ጊዜ አብረው ይገባሉ። መንገዱ የሚያበቃው ልጁ 150ውን መዝሙር በጨረሰ ጊዜ ነው፤ «ዳዊት ደገመ» ይባልለታል፤ አቅም ያለው ቤተሰብ ድግስ ይደግስለታል። የእኛ ቤት ለወንድሜ በግ ታረደ። እኔ ስደግም ዶሮም አልታረደም። እናቴ ግን ቀሚስ ሰፋችልኝ።

ቁጥር የተባለው እርከን ምን ያህል ብልህ ነገር እንደ ሆነ ያየሁት ዘግይቼ ነው። የፊደላችን ፈተና ሳድሱ ላይ ነው። «ቃል» የምትለውን ቃል ውሰዱ። ልጁ ቃን ያውቃል፣ ልንም ያውቃል፤ ል ብቻዋን ስትጠራ ግን ትንሽ ትንፋሽ ታስከትላለች። ሁለቱን ሲያጋጥም «ቃ፣ ልእ» ይልና ግራ ይጋባል። «ቃልእ» የሚባል ነገር ከቤቱ ሰምቶ አያውቅምና። በቁጥር ጊዜ ያቺን ትንፋሽ ያሰማታል፤ ወደ ንባብ ሲያልፍ ይውጣታል። መዋጥን እንደ ራሱ ትምህርት፣ ራሱን የቻለ ጊዜ ሰጥተው ያስተምሩት ነበር። እኛ ዘመናዊዎቹ በአንድ ቀን ይሆናል ብለን አሰብን።

የኔታን አምላክ ላደርጋቸው አልፈልግም። ኩርኩሙ ነበር፣ አርጩሜው ነበር። አንድ ልጅ አምስት ፊደል ሳያልፍ በፍርሃት ሱሪውን ያረጥብ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ ከብት ጥበቃ ተመለሰ። የምናነበውም ግዕዝ ስለሆነ ከዳዊት ውስጥ ትርጉሙ የገባኝ ጥቂት ነው። አፋችን ያነብባል፣ ልባችን ሌላ ቦታ ነው። አልዩ አምባ ገበያ ስንወርድ የአርጎባ ልጆች የእንጨት ሎሕ ታቅፈው ቁርኣን ሲቀሩ እናያለን። በቀለም ተጽፎ፣ ተጠንቶ፣ ታጥቦ እንደ ገና ይጻፍበታል። በቋንቋው በኩል እነሱም እንደ እኛው ነበሩ። ሎሓቸው ግን ያስቀናኝ ነበር፤ እነሱ እየጻፉ ነበርና። እኛ ስናነብ እንጂ ስንጽፍ የሚያየን የለም።

ገበታችን በካርቶን ላይ የተለጠፈ የታተመ ወረቀት ነበር፤ ሀሁው፣ አቡጊዳውና መልእክቱ በአንድ ላይ። ቀድሞ በብራና ላይ በእጅ የሚጻፈው ይህ ገበታ በየገጠሩ በጥቂት ሣንቲም እንዲገኝ ካደረጉት ሰዎች የቡልጋው ተስፋ ገብረ ሥላሴ ግንባር ቀደሙ ናቸው። ያቋቋሙትን ተስፋ ማተሚያ ቤት በፊደል ገበታው አገር ሁሉ ያውቀዋል። ለእኛ ለአንኮበሮች ቡልጋ ጎረቤት ናት፤ የኔታም «የአገራችን ሰው ያሳተመው» እያሉ ይኮሩበት ነበር። እኛ ልጆቹ ግን የምንኮራበት በአዲስነቱ ነው። ጠርዙ ያልተበላ ገበታ ያለው ልጅ ሀብታም ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1901 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ የመንግሥት ትምህርት እየተስፋፋ መጣ፤ ፊደል ማስቆጠር ግን ለረጅም ጊዜ የቄስ ተማሪ ቤት ሥራ ሆኖ ቆየ። እኔ በ1963 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል ስመዘገብ መምህሩ ገበታ አልሰቀለም። ማንበብ የምንችለውን በአንድ ወገን፣ የማንችለውን በሌላ ወገን አስቀመጠና ከእኛ ጋር ጀመረ። የማይችሉት አብዛኞቹ እስከ ገና ድረስ ተበተኑ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ፊደል ከድምፅ ጋር የማያያዙን ጥበብ ያላዳበረው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ ሰው ሠርቶ ያቀርብለት ስለነበር ነው። አቅራቢው እየቀረ ሲሄድ ጉድለቱ ወጣ።

በመካከሉ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀመረ፤ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋ ተማሩበት፤ ሁሉም የሚጻፈው በዚሁ በግዕዙ ፊደል ነበር። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩና ማታ ማታ በፋኖስ አስተማርኩ። የመጀመሪያ ተማሪዬ ከእናቴ የሚበልጡ ባልቴት ነበሩ። ሀሁን እንዲያዜሙ ብሞክር «ልጄ፣ እኔ ዘፈን ልማር አልመጣሁም፤ ስሜን አሳዪኝ» አሉኝ። ስማቸው ውስጥ ያሉትን አራት ፊደላት ጻፍኩላቸው። ከአራቱ ተነሥተን ወደ ልጃቸው ስም፣ ከልጃቸው ወደ ላማቸው ስም ሄድን። ተራው የት እንደሚጀምር ሳያውቁ በሦስት ወር አነበቡ። መምህርነትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይደለም። የሚገርመው ግን አምስት ዓመት ቆይቼ ያንኑ ረሳሁት።

በ1976 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የቀበሌ መዋለ ሕፃናት ተቀጠርኩ። ከአብዮቱ በኋላ ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት እንዲህ ያሉ ቤቶች በብዛት ይከፍቱ ነበር። ስድሳ ልጅ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ገበታ። እኔ በዘንግ እጠቁማለሁ፣ እነሱ ይጮኻሉ። ጎብኚ ሲመጣ ጩኸቱ ይጨምራል፤ ጎብኚው ያጨበጭባል። እኔም ጎበዝ መምህርት ነኝ ብዬ አመንኩ።

አንድ ጥቅምት፣ ከእረፍት ስንመለስ፣ የገበታውን የታች ጫፍ አይጥ በልቶታል። ከጠ በታች ምንም የለም፤ ባዶ ግድግዳ ነው። ሌላ እስኪመጣ ብዬ ባለው ጀመርኩ። ልጆቹ ጠ ላይ ሲደርሱ አላቆሙም። ጨን አሉ፣ ጰን አሉ፣ ጸን አሉ። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ተነሥታ ዘንጌን ወስዳ፣ የተላጠውን ግድግዳ እየጠቆመች፣ እስከ ፐ ድረስ አስቆጠረቻቸው። አንድም ልጅ ፊደሉ እንደ ሌለ አልተናገረም። የሚያዩት ነገር መኖሩ ወይም አለመኖሩ ለእነሱ ለውጥ አልነበረውም።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ስገባ የየኔታ መዳፍ ትዝ አለኝ። እኛ ከእሳቸው ዘፈኑን ወስደን ወንፊቱን ጥለን ነበር። አቡጊዳ «የቤተ ክህነት ነገር ነው» ተብሎ፣ ቁጥር «ኋላ ቀር ነው» ተብሎ ቀረ። ሀሁውን ብቻ ተቀበልን፤ ምክንያቱም ያምራል፣ ስድሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ይይዛል፣ ጎብኚ ያስደስታል።

በማግስቱ የሳሙና ካርቶን ለመንኩ። ቆራርጬ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፍኩና መሬት ላይ በተንኳቸው። እያንዳንዱ ልጅ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ይፈልግ። በመጀመሪያው ቀን ከስድሳው ያገኙት ሰባት ናቸው። ቁጥሩ ዛሬም ያቃጥለኛል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሦስት አራት ቤት ብቻ፣ ያውም ከተራው ውጪ፤ ልጆቹ በሚያውቋቸው ቃላት ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚመላለሱትን በ፣ ለ፣ መ፣ ተን አስቀድሜ። ፊደሉን ከማሳየቴ በፊት ጆሯቸውን አሠራዋለሁ። «በግ» ስል ያጨበጭባሉ፣ «በሬ» ስል ያጨበጭባሉ፣ «ላም» ስል ዝም። አንዱ ሁልጊዜ ለላምም ያጨበጭብ ነበር። ላም ስለሚወድ ነው አለኝ።

ብዙ ቆይቶ ለሥልጠና ተጠራን። አሠልጣኙ በእንግሊዝኛ የፊደል ስምና የፊደል ድምፅ እንደሚለያዩ፣ ልጅ «ቢ» ሳይሆን «ብ» ማለት እንዳለበት አስተማረን። ልክ ነው፤ ለእነሱ። እኛ ግን እርስ በርስ ተያየን። የእኛ በ ስሟም ድምፅዋም በ ናት፤ የሚለያይ ነገር የለም። ያንን ጣጣ አባቶቻችን አላወረሱንም። ያወረሱን የሳድስን ትንፋሽና የማይጻፈውን ጥብቀት ነው፤ «ገና» የምትለው ቃል በዓሉም «ገና ነው» ማለቱም በአንድ መልክ ትጻፋለች፤ ልጁ ከዐረፍተ ነገሩ መገመት አለበት። ስለ እነዚህ በሥልጠናው ደብተር ውስጥ አንዲት መስመር አልነበረችም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች ንባብ ሲመዘን አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ያቃታቸው ብዙ ሆነው ተገኙ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። እኔ አይጥ የበላው ገበታዬ ትዝ አለኝ።

ስለ ሞክሼዎቹም አንድ ነገር ልበል፤ ያለዚህ የፊደል ወሬ አያልቅም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በግዕዝ ጥንት ድምፃቸው ይለያይ ነበር፤ በአማርኛ አፍ አንድ ሆኑ። ሊቃውንቱ እንዳይምታታ ስም አወጡላቸው፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። እያንዳንዱ ፊደል ከሚገኝበት ቃል ጋር ታስሯል። በየመዋለ ሕፃናቱ ግድግዳ ላይ ፊደሉን ከሥዕል ጋር አስረን ስንለጥፍ አዲስ ነገር የፈጠርን ይመስለን ነበር። ሞክሼ ይቀነስ የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ግን ንጉሡን ከእሳቱ ሳይለይ ማንበብ ይችላል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

በ1990 እ.ኤ.አ. ፒተር ዳንኤልስ የሚባል አሜሪካዊ የጽሕፈት ተመራማሪ እንደ እኛና እንደ ሕንዶቹ ያሉትን፣ አናባቢው ተናባቢው ላይ የሚቀጠልባቸውን ጽሕፈቶች በአንድ ስም ለመጥራት ቃል ሲፈልግ «አቡጊዳ» ብሎ ሰየማቸው። ዛሬ የዓለም ቋንቋ አጥኚዎች ቃሉን ይጠቀሙበታል። ለመጨረሻው ክፍሌ ልጆች ወላጆች አቡጊዳን ልጀምር ነው ስላቸው አንዲት እናት «ምንድን ነው እሱ?» ብላኛለች።

በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። ወንድሜ ዕድሜውን በሙሉ በከባድ መኪና ሹፌርነት አሳልፎ አሁን ደብረ ብርሃን ከእኔ ሁለት ቤት ወረድ ብሎ ይኖራል። ማታ ማታ የቃላት ጨዋታ እየሞላን እንጨቃጨቃለን። የምንዳኘው በደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ነው፤ እሱም እንደ መምህራቸው እንደ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት የተደረደረው በሀለሐመ ሳይሆን በአበገደ ነው። ባለፈው ሳምንት በ«ጠ» የሚጀምር ቃል ፈለገ። መጽሐፉን ከፈተ፣ መነጽሩን አስተካከለ፣ ዝም አለ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ፣ ሐ...»

መዳፌን ገጹ ላይ አሳረፍኩበት።